ቁልቁለትና ፍሬን

የብስክሌት ታሪክ ጸሐፊዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጽፉት ስለ ፍጥነት ነው። ማን ቀደመ፣ ማን ቀላል ብረት አገኘ፣ ማን ማርሹን አበዛ ይላሉ። ብስክሌቱ እንዴት እንደሚቆም የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። የተራራ ብስክሌት ነገር ሲነሣ ይህ አጻጻፍ አያስኬድም፤ ይህ ብስክሌት ገና ከመወለዱ ጀምሮ ያስጨነቀው የማቆም ጉዳይ ነበርና። የመጀመሪያው ዝነኛ ውድድሩ ስሙን ያገኘው እንኳ ከተቃጠለ ፍሬን ነው። ውድድሩ «ሪፓክ» ይባል ነበር፤ «እንደገና መሙላት» እንደ ማለት ነው። የሚሞላው ደግሞ ግራሶ ነበር።

(በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።)

ቦታው ካሊፎርኒያ ነው። ከሳን ፍራንሲስኮ ከተማ የጎልደን ጌትን ድልድይ ተሻግሮ በስተሰሜን ማሪን የሚባል አውራጃ አለ። ታማልፓይስ የተባለው ተራራም እዚያው ነው። ከፍታው 784 ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ከደጋ የመጣ የአገራችን ሰው ኮረብታ ነው ቢል አይፈረድበትም። ይሁንና ተራራው ከባሕር ጠርዝ ድንገት የተነሣ በመሆኑ ቁልቁለቱ ቀልድ አያውቅም። ለእሳት አደጋ መኪኖች መተላለፊያ ተብሎ የተጠረገ የኮረኮንች መንገድ በየጥጉ ይጠመዘዛል።

በ1970ዎቹ አጋማሽ በዚህ መንገድ ቁልቁል መውረድን ልማድ ያደረጉት ወጣቶች ብዙዎቹ የአስፋልት ተወዳዳሪዎች ነበሩ። ቀጭን ጎማ ያለው የውድድር ብስክሌት ለኮረኮንች አይሆንምና ከየጓሮውና ከየአሮጌ ዕቃ መሸጫው በ1930ዎቹና በ40ዎቹ የተሠሩ ከባድ ብስክሌቶችን ለቃቅመው ያመጡ ነበር። የቺካጎው የሽዊን ፋብሪካ በ1933 ወፍራምና ብዙ አየር የሚይዝ ጎማ ለአሜሪካ ገበያ ካቀረበ ወዲህ እንዲህ ያሉት ብስክሌቶች ጋዜጣ ለሚያድሉ ልጆች የተለመዱ ሆነው ነበር። አርባ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ግን ፈላጊ አልነበራቸውም። ወጣቶቹም ጌጣቸውን ገፍፈው፣ ጭቃ መከላከያቸውን ነቅለው፣ አጥንታቸውን ብቻ አስቀርተው ተራራ ላይ አወጧቸው።

የእነዚህ ብስክሌቶች ፍሬን አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በኋላው ጎማ እምብርት ውስጥ ተደብቋል። ፔዳሉን ወደ ፊት ሲረግጡት ይሄዳል፤ ወደ ኋላ ሲረግጡት ይይዛል። ወደ ኋላ ሲረገጥ በእምብርቱ ውስጥ ያለ ሾጣጣ ብረት ይገፋና የፍሬን ጫማዎቹን ወደ ውጭ ይወጥራቸዋል፤ ጫማዎቹ ከእምብርቱ ውስጠኛ ግድግዳ ጋር ይፋተጋሉ። ብረት ብረትን እንዳይበላው በመካከላቸው ግራሶ አለ። ሜዳ ላይ ጋዜጣ ለሚያድል ልጅ ከዚህ የተሻለ ፍሬን አልነበረም ማለት ይቻላል። ዝናብ አይነካውም፤ ጭቃ አይገባበትም፤ የሚበጠስ ሽቦም የለው። እንዲህ ያለው ፍሬን ከ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ጀምሮ ሲሠራበት የኖረ ሲሆን፣ ዓመታት ሳይከፈት የሚያገለግል በመሆኑ ብዙ ባለቤቶች ውስጡን አይተውት አያውቁም።

ተራራው ግን ውስጡን እንዲያዩት አስገደዳቸው።

ሪፓክ የተባለው መንገድ ፌርፋክስ ከተባለች ትንሽ ከተማ አጠገብ ይገኛል። በሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ውስጥ 400 ሜትር ያህል ይወርዳል። ቻርሊ ኬሊ የተባለ የአንድ የሙዚቃ ጓድ ዕቃ አጓጓዥ የመጀመሪያውን ውድድር ያሰናዳው ጥቅምት ወር ውስጥ፣ በኦክቶበር 21 ቀን 1976 ነበር። ተወዳዳሪዎቹ ከአሥር አይሞሉም። አለን ቦንድስ የተባለው አሸነፈ፤ ሳይወድቅ የደረሰው እሱ ብቻ ነበርና። ከዚያ በኋላ ጋሪ ፊሸር ያስመዘገበው 4 ደቂቃ ከ22 ሴኮንድ በዚያ መንገድ ሳይሰበር የቀረ ክብረ ወሰን ነው።

አሁን ጥቂት ስሌት እንሥራ፤ ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነውና። ሰውየውና ያ ከባድ ብስክሌት በአንድ ላይ 90 ኪሎ ግራም ይመዝናሉ እንበል። 90 ኪሎ ከ400 ሜትር ከፍታ ሲወርድ የሚለቀቀው ኃይል ከ350 ሺህ ጁል በላይ ነው። ይህ አንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት የሚበቃ ሙቀት ነው። ከፊሉን ነፋሱና መሬቱ ይወስዱታል። የቀረው ግን መሄጃ የለውም፤ ሁሉም ወደዚያች በቡጢ ወደምትጨበጥ የብረት እምብርት ይገባል፤ ያውም ከአምስት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ። ያው መጠን ያለው ሙቀት አንድ ኪሎ ብረትን ከአንድ ኪሎ ውሃ በስምንት እጥፍ ያህል አብልጦ ያግለዋል። ስለዚህ ግራሶው ይቀልጣል፣ ይጨሳል፣ ይቃጠላል። ወራጁ ከግርጌ ሲደርስ ከኋላው ጭስ ይከተለዋል። ጫማዎቹ ደርቀው ከግድግዳው ጋር ብረት ለብረት ሲፋተጉ እምብርቱ ይጮኻል፤ አንዳንዴም ጭራሹን መያዝ ይተዋል።

ከአንድ ወይም ከሁለት ጉዞ በኋላ ታዲያ ጎማውን አውልቆ፣ እምብርቱን ፈትቶ፣ ጥቀርሻ የመሰለውን ቅሪት ጠርጎ፣ አዲስ ግራሶ መሙላት ግድ ነው። የመንገዱ ስም የመጣው ከዚሁ ነው። እኔ ይህን ስም እወደዋለሁ። ሌላው ዓለም ለውድድር ስም ሲያወጣ የንጉሥ፣ የከተማ ወይም የነጋዴ ስም ይሰጣል፤ እነዚህ ወጣቶች ግን ለጥገና ሥራ ሐውልት አቆሙ። ለነገሩ ብቻቸውን አልነበሩም። ከሳን ፍራንሲስኮ በስተደቡብ ያለችው የኩፐርቲኖ ከተማ ልጆች ከእነሱ ቀደም ብለው ያቋቋሙት ቡድን ስሙን የወሰደው «ሞሮው» ከተባለው የፔዳል ፍሬን ነበር፤ «ሞሮው የአቧራ ክለብ» ይባላል።

የኩፐርቲኖዎቹ ልጆች በ1974 መጨረሻ ማሪን ውስጥ በተደረገ የገጠር መንገድ ውድድር ላይ ይዘዋቸው የመጡት ብስክሌቶች ባለ ብዙ ማርሽና ባለ ታምቡር ፍሬን ነበሩ። በእጅ የሚጨበጥ ፍሬን ማለት ነው። የማሪን ሰዎች ይህን አይተዋል። ጋሪ ፊሸርም ቆይቶ አሮጌውን ሽዊን ባለ ማርሽና ባለ ታምቡር አደረገው፤ የሚጨብጠውንም እጀታ ከሞተር ብስክሌት ወሰደ። በ1977 ጆ ብሪዝ ለተራራ ብቻ ታስቦ የተሠራውን የመጀመሪያ አጽም በየደ። በ1979 ፊሸርና ኬሊ ቶም ሪቺ የሚሠራቸውን አጽሞች የሚሸጥ ሱቅ ከፈቱ። በ1981 ስፔሻላይዝድ የተባለው ኩባንያ በፋብሪካ ብዛት የተመረተውን «ስተምፕጃምፐር» አወጣ። ከዚህ በኋላ ያለው የንግድ ታሪክ ነውና ብዙ አልዘገይበትም።

ወደ ፍሬኑ ልመለስ። ታምቡር ከባድ ነው። ቀለል ያለ ነገር ሲፈለግ የተገኘው ከጥንትም የነበረ ዘዴ ነው፦ ቸርኬውን ራሱን በሁለት የጎማ ቁራጭ ከግራና ከቀኝ መጨበጥ። በሹካው ላይ ሁለት ክንድ ይተከላል፤ በሽቦ ሲጎተቱ ቸርኬውን ይነክሳሉ። ዘዴው ብልኅነት አለው። ቸርኬ ማለት ስድሳ ሳንቲ ሜትር ያህል የሚሆን ትልቅ ክብ ነው፤ ጠርዙ ላይ ሲይዙት በትንሽ ጉልበት ብዙ ይቆማል፤ ነፋስም ያገኘዋል። ሃያ ዓመት ያህል በዚህ ተኖረ። የጃፓኑ ሺማኖ በ1996 ክንዶቹን አስረዝሞና ቀጥ አድርጎ ያወጣው «ቪ ብሬክ» የዚህ ዘዴ ጫፍ ነው። እስከ ዛሬም በብዙ ብስክሌት ላይ አለ፤ ለከተማ መንገድ ምንም አይወጣለትም።

ነገር ግን ቸርኬ ሁለት ጌታ ማገልገል ከባድ ሆነበት። ጎማ ተሸካሚ ነው፤ ፍሬንም ነው። ተራራ ላይ ጭቃ የሚነካው የመጀመሪያ አካል እሱ ነው። ጭቃው ውስጥ ያለው አሸዋ በሁለቱ የጎማ ቁራጮችና በቸርኬው መካከል ገብቶ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል፤ ቸርኬው በየክረምቱ ይሳሳል፤ በመጨረሻም ጎኑ ይፈነዳል። ውሃ ሲነካው ፍሬኑ መጀመሪያ ውሃውን መጥረግ ስላለበት መያዙ ይዘገያል። ድንጋይ መትቶት ከተጣመመ በየዙሩ ፍሬኑን ይነካል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ደግሞ ያ የቀድሞው ሙቀት ይመጣል፤ አሁን የሚያሞቀው ካላማዳሪያ ያለበትን ቸርኬ ነው። ካላማዳሪያ ሲግል ምን እንደሚሆን ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

እዚህ ላይ ነው ዲስክ የሚመጣው። ዲስክ ግን አዲስ ነገር አልነበረም። እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ላንቸስተር በ1902 ለመኪና የዲስክ ፍሬን የፈጠራ መብት አስመዝግቧል። ሐሳቡ ዛሬ የምናየው ራሱ ነው፦ ከጎማው ጋር የሚዞር ስስ የብረት ሰሐን፣ ሰሐኑንም ከግራና ከቀኝ እንደ ጉጠት የሚይዝ ነገር። የጎደለው ጥሩ መያዣ ነበር። ላንቸስተር የተጠቀመበት መዳብ ሲሆን ጩኸቱ የሚቻል አልነበረም።

በዚያው ዘመን ኸርበርት ፍሩድ የተባለ ሌላ እንግሊዛዊ ከጨርቅ የተሠራ የፍሬን ሽፋን ያዘጋጅ ጀመር፤ በ1908 ደግሞ አዝቤስቶስ አገባበት። «ፌሮዶ» የተባለው የዕቃ ስም የሱና የሚስቱ ስም ፊደላት ተቀላቅለው የወጣ ነው። በነገራችን ላይ የእኛ መካኒኮች ይህን ሽፋን «የፍሬን ሸራ» ይሉታል። ሸራ መባሉ ያለ ነገር አይመስለኝም፤ ዛሬ ሽፋኑ ከሙጫና ከብረት ብናኝ ተጋግሮ ቢሠራም ስሙ የጨርቁን ዘመን ያስታውሰናል። «ፍሬን»ም፣ «ግራሶ»ም፣ «ጎማ»ም፣ «ብሎን»ም የጣሊያን ቃላት ናቸው። የብስክሌት ጥገና ሥራችን ግማሽ መዝገበ ቃላቱ የመጣው በዚያ በኩል ነው።

ጃጓር የተባለው የእንግሊዝ መኪና በ1953 በፈረንሳይ የለ ማን የ24 ሰዓት ውድድር በዲስክ ፍሬን አሸነፈ፤ ከዚያ ወዲህ የዲስክን ነገር የተጠራጠረ አልነበረም። በ1969 ሆንዳ ሲቢ 750 የተባለውን ሞተር ብስክሌት ከፊት ዲስክ ገጥሞለት ገበያ አወጣ። በ1970ዎቹ ለብስክሌትም የዲስክ ፍሬን ተሞክሮ ነበር፤ አልያዘም። ብስክሌት ሰው በጡንቻው የሚገፋው ነገር ነውና እያንዳንዱ መቶ ግራም ይቆጠራል። ሌላም ምክንያት አለ። የቸርኬ ፍሬን ጎማውን ከጫፉ ስለሚይዘው በእምብርቱና በራጂዎቹ ላይ የሚደርስ ጠምዛዥ ጉልበት የለም። ዲስክ ግን የሚይዘው ከመሐል አጠገብ ነው። ትንሽ ሰሐን ትልቅ ጎማ እንዲያቆም ሲፈረድበት የመጠምዘዙ ጉልበት በራጂዎቹና በሹካው አንድ እግር ላይ ይወድቃል። የዚያ ዘመን ቀጭን ሹካ ይህን አይችልም ነበር።

ሹካውን ያወፈረው ሌላ ነገር ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ባለ ሞላ ሹካ ሲስፋፋ ሁለት ወፍራም ቱቦዎች ከፊት ተተከሉ፤ ካሊፐር (ያ ጉጠት) የሚታሰርበት ቦታ ተገኘ። በ1991 ማውንቴን ሳይክል የተባለው የካሊፎርኒያ ኩባንያ የራሱ የዲስክ ፍሬን ያለውን «ሳን አንድሪያስ» የተባለ ብስክሌት አቀረበ። ሰሜን እንግሊዝ ውስጥ ከአውሮፕላን ሞተር ፋብሪካ የወጡ ሁለት መሐንዲሶች በ1989 ያቋቋሙት ሆፕ የተባለ ድርጅት በፊናው ለዚያ አገር ጭቃ የሚሆን ዲስክ ይሠራ ጀመር። ከዚያ በ1997 ለሞተር ብስክሌትና ለኢንዱስትሪ ማሽን ፍሬን ሲሠራ የኖረው የአሜሪካው ሄይስ ለተራራ ብስክሌት በዘይት የሚሠራ ዲስክ አወጣ፤ ሺማኖም ተከተለ። ከዚያ በኋላ ባሉት አሥር ዓመታት ውስጥ የቸርኬ ፍሬን ከደህና የተራራ ብስክሌት ላይ ጠፋ ማለት ይቻላል። የአስፋልት ተወዳዳሪዎች ብዙ ተከራክረው በይፋ የተፈቀደላቸው በ2018 ነው።

የዲስኩ ፍሬን ሆድ ዕቃ ሲታይ እጅግ ቀላል ነው። እጀታው ሲጨበጥ ትንሽ ፒስተን ዘይት ይገፋል፤ ዘይቱ በቀጭን ቱቦ ወርዶ ካሊፐሩ ውስጥ ያሉትን ሰፋ ያሉ ፒስተኖች ይገፋል፤ እነሱም ሸራዎቹን ከዲስኩ ጋር ያጋጥማሉ። በትንሹ ፒስተንና በሰፊዎቹ መካከል ያለው ልዩነት የጣትን ጉልበት ያበዛዋል። አንድ ጣት ይበቃል የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

ለእኔ ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን አንዲት ጎሚኒ ናት። እያንዳንዱ ፒስተን አራት ማዕዘን ጠርዝ ያላት የጎማ ቀለበት ታጥቋል። ሥራዋ ዘይት እንዳይወጣ መከልከል ብቻ ይመስላል። ፒስተኑ ወደ ፊት ሲሄድ ግን ጎሚኒዋ ሳትንሸራተት ትጣመማለች፤ እጀታው ሲለቀቅ ወደ ቅርጿ ስትመለስ ፒስተኑን በጣም ትንሽ ወደ ኋላ ትጎትተዋለች። ሸራው ከዲስኩ የሚለቀው በዚህች ብቻ ነው፤ ሌላ የሚመልሰው ጉልበተኛ ሞላ የለም። ሸራው ሲያልቅ ደግሞ ፒስተኑ ከጎሚኒዋ መጣመም አልፎ ስለሚሄድ በላይዋ ተንሸራቶ አዲስ ቦታ ይይዛል። እንዲህ አድርጎ ፍሬኑ ራሱን በራሱ ያስተካክላል። ሽቦ ማጥበቅ ቀረ።

ታዲያ የዲስክ ፍሬን ሕመሞች ብዙዎቹ ከዚሁ ብልኅነት የሚነሡ ናቸው። ጎማው ወጥቶ ሳለ ልጅ እጀታውን ቢጨብጠው ፒስተኖቹ መሐላቸው ዲስክ መኖር አለመኖሩን አያውቁም፤ ተራምደው ይገናኛሉ፤ ጎማው አልገባ ይላል። መድኃኒቱ በሸራዎቹ መካከል ጠፍጣፋ የፕላስቲክ ወይም የእንጨት ቁራጭ አስገብቶ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ መግፋት ነው። ካሊፐሩ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለም አንዱ ሸራ ዘወትር ዲስኩን እየላሰ «ሽር ሽር» ይላል። ካሊፐሩን የያዙትን ሁለት ብሎኖች ማላላት፣ እጀታውን ጨብጦ መያዝ፣ ሳይለቁ ብሎኖቹን መልሶ ማጥበቅ ነው፤ ካሊፐሩ መሐሉን ራሱ ያገኛል። ድምፁ በየዙሩ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰማ ከሆነ ግን ጥፋቱ የካሊፐሩ አይደለም፤ ዲስኩ ተጣሟል ማለት ነው።

የዲስክ ጩኸት ሌላ ነው። ላንቸስተር በመዳብ ያስጮኸው ዲስክ ዛሬም ይጮኻል፤ ዛሬ የሚያስጮኸው ብዙውን ጊዜ ቅባት ነው። የሰንሰለት ዘይት ጠብታ፣ የሚረጭ ማጽጃ፣ ወይም ከካሊፐሩ የሾለከ ዘይት ሸራው ውስጥ ሰርጎ ይገባል። በማሪን ግራሶ ሲያልቅ ፍሬኑ ጮኸ፤ አሁን ግራሶ ሲነካው ይጮኻል፤ የታሪክ ፌዝ ይሏል ይህ ነው! ዲስኩን በንጹሕ አልኮልና በንጹሕ ጨርቅ መጥረግ ይቻላል። ሸራው ግን ዘይቱን ከጠጣ በኋላ በብርጭቆ ወረቀት ቢፈቀፈቅም ብዙ ጊዜ አይመለስም፤ መቀየር ይሻላል። አዲስ ሸራ ሲገባ ወዲያው ወደ ቁልቁለት አይወሰድም። ሜዳ ላይ እየፈጠኑና እስኪዳከም እየያዙ፣ ፈጽሞ ሳያቆሙ ሃያ ጊዜ ያህል መደጋገም ነው፤ ከሸራው ስስ ሽፋን ወደ ዲስኩ ተላልፎ እኩል ይቀመጣል። ይህን የዘለለ ሰው ፍሬኑን ይረግማል እንጂ ራሱን አይረግምም። ሺማኖ ሸራው ከግማሽ ሚሊ ሜትር ሲቀጥን፣ 1.8 ሚሊ ሜትር የነበረው ዲስክም 1.5 ሲደርስ ይቀየር ይላል። ጣትን በሚዞር ዲስክ አጠገብ ማድረግ ያስቆርጣል፤ ከቁልቁለት ማግሥት መንካትም ያቃጥላል።

ሙቀቱስ የት ሄደ? የትም አልሄደም። ከግራሶ ወደ ካላማዳሪያ፣ ከካላማዳሪያ ወደ ዘይት ተዛወረ እንጂ። የዲስኩ ሙቀት በሸራውና በፒስተኑ በኩል ወደ ዘይቱ ይደርሳል። ዘይት አይታመቅም፤ ፍሬኑም የሚሠራው በዚህ ባሕርዩ ነው። በውስጡ አየር ወይም እንፋሎት ካለ ግን እጀታው የሚያምቀው ያንን ነው፤ እንደ ስፖንጅ ልል ይላል፤ ሸራው አይነቃነቅም።

የፍሬን ዘይት ሁለት ነገድ አለው። አንደኛው መኪና ላይ የምናውቀው «ዶት» የሚባለው ሲሆን ሄይስና ሆፕ የጀመሩት በሱ ነው። ሁለተኛው የማዕድን ዘይት ነው፤ ሺማኖና የጀርመኑ ማጉራ ይህን መረጡ። ዶት እርጥበት ከአየር ይስባል። ደረጃው እንደሚያዝዘው ዶት 4 አዲስ ሲሆን ከ230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች መፍላት የለበትም፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን የሚጠየቀው 155 ብቻ ነው። ዘይቱ ዕቃው ውስጥ ሳለ፣ ብስክሌቱም ግድግዳ ተደግፎ ሳለ፣ ሳይነዳ ሊደክም ይችላል ማለት ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ይቀየር የሚባለው ለዚህ ነው። ቀለምም ይበላል። የማዕድን ዘይት እርጥበት አይስብም፤ ነገር ግን ውሃ ቢገባበት አይቀላቀልምና ጠብታው ወርዶ ከሁሉ በሚግለው ቦታ፣ ካሊፐሩ ውስጥ ይቀመጣል።

ሁለቱ ነገዶች አይጋቡም። ጎሚኒዎቻቸው ለየራሳቸው ዘይት ከተስማማ ጎማ የተሠሩ ናቸው። የማዕድን ዘይት በሚጠጣ ፍሬን ውስጥ የመኪና ፍሬን ዘይት የጨመረ ሰው፣ ወይም የዚህን ተቃራኒ ያደረገ፣ ያችን አራት ማዕዘን ጎሚኒ ያሳብጣታል። ያበጠች ጎሚኒ ፒስተኑን አትመልስም፤ ፍሬኑ እንደያዘ ይቀራል፤ ወይም ትሾልካለች። በከተማችን ይህ ስጋት የወሬ አይደለም። ዶት በየመለዋወጫ ሱቁ ይገኛል፤ የብስክሌት የማዕድን ዘይት ግን ፈልገው ነው። ቸኩሎ «ፍሬን ዘይት ያው ፍሬን ዘይት ነው» ማለት ደግሞ በእጅ ነው። የትኛው እንደሚገባበት በእጀታው ላይ ባለው የዘይት ማጠራቀሚያ ክዳን ላይ ብዙ ጊዜ ተጽፏል። ለብዙ ዓመታት በዶት የቆየው የአሜሪካው ስራም እንኳ በ2022 የማዕድን ዘይት የሚጠቀም ፍሬን አወጣ፤ ስለዚህ በኩባንያው ስም ብቻ መፍረድም አይቻልም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ማንም ያላሰበው አንድ ጣጣ ነበር። ካሊፐሩ የሚታሰረው ከሹካው እግር በስተኋላ ነው። እዚያ ሆኖ ዲስኩን ሲይዘው የሚፈጠረው ጉልበት የፊት ጎማውን ዘንግ ወደ ታች፣ ማለትም ከሹካው አፍ ወደ ውጭ ይገፋዋል። በ2003 አንድ እንግሊዛዊ ሳይንቲስት ይህን አስልቶ በይፋ አስጠነቀቀ። የፊት ጎማ በእጅ በሚጠበቅ ቀጭን ዘንግ ብቻ ተይዞ ሳለ በየፍሬኑ ትንሽ ትንሽ ሊላላና ሊወጣ ይችላል ማለቱ ነበር። ዛሬ በደህና ብስክሌቶች ላይ የምናየው፣ ሹካውን ከዳር እስከ ዳር በስቶ የሚያልፈው ወፍራም ዘንግ ከዚህ ሥጋት ያሳርፋል። አሮጌ ዘንግ ያለው ሰው ግን ከቁልቁለት በፊት ማጥበቂያውን በእጁ ይፈትሽ።

እኔን የሚያሳስበኝ ጥፋቱ እየተዛወረ መሄዱ ብቻ አይደለም፤ እየተደበቀ መሄዱ ነው። የማሪኑ ልጅ ፍሬኑ መሞቱን በአፍንጫው ያውቅ ነበር። ቸርኬው የሳሳበት ሰው በጥፍሩ ይዳስሰው ነበር። የዘይት እርጥበት ግን አይሸትም፤ በዓይንም አይለይም። ፍሬኑ በረታ፤ ባለቤቱ ግን ከፍሬኑ ራቀ። ያን ጊዜ መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ እምብርት የሚፈታ ነጂ ነበር፤ አሁን ሲሪንጅና ትክክለኛው ዘይት ያለው ባለሙያ ይፈለጋል። በዚህ ምክንያት ብቻ ከሩቅ ገጠር ለሚነዳ ሰው በሽቦ የሚጎተተውን ዲስክ የሚመርጡ አሉ፤ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። በርካሽ ብስክሌቶች ላይ የሚገጠመው ዲስክ አብዛኛው እንዲህ ያለ ነው። ጉልበቱ ያንሳል፤ ሽቦውም ይዝጋል። አብዛኛውን ጊዜ የሚንቀሳቀሰውም አንደኛው ሸራ ብቻ ሲሆን፣ ዲስኩን ገፍቶ ካልተንቀሳቀሰው ሸራ ጋር ያጋጥመዋል። ስለዚህ የማይንቀሳቀሰው ሸራ ዲስኩን ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው በቁልፍ ማስጠጋት አለብን፤ ራሱን በራሱ አያስተካክልም። ብዙ ሰው ሽቦውን ብቻ ደጋግሞ ያጠብቅና «ዲስክ አይረባም» ይላል። የተበላሸ ነገር ቢኖርበት ግን በአንድ ቁልፍና በአንድ ሜትር ሽቦ ይድናል።

ከእንጦጦ ማርያም ወደ ሽሮ ሜዳ ለመውረድ የተነሣ ሰው የሚያደርገው ፍተሻ በሁለቱም ዓይነት አንድ ነው። ቆሞ እጀታውን አጥብቆ ይጨብጥ፤ ቀስ ብሎም እስከ አሥር ይቁጠር። እጀታው ቦታውን ይዞ ከቆመ ይውረድ። በዘይት የሚሠራው እየሰጠመ ወደ መሪው ከተጠጋ ዘይቱ የሚሾልክበት ቦታ አለ፤ ደጋግሞ ሲጨብጡት ብቻ የሚጠነክር ከሆነም ውስጡ አየር ይኖራል፤ በሽቦ የሚሠራው መሪውን ከነካ ሽቦው ወይም ሸራው አልቋል። ያን ቀን ብስክሌቱን እየገፋ በእግሩ ይውረድ።